የአፖንዲ ጽሑፍ

ማርች 12

አፖንዲን ትናንት ቀበርናት። ጫማዬ ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም፤ ማጠቡም አስጠልቶኛል።

የባለቤቴ የአኬዮ የአጎት ልጅ ናት፤ የእኔ ደግሞ የሥራ ባልደረባ። ስለዚህ የቀብር ኮሚቴው ጸሐፊ «ከአንተ ሌላ ማን ይሁን?» ተብዬ ተሾምኩ። ሬሳው እስኪወጣ ድረስ በወጉ አላለቀስኩም፤ ስም ስደረድር ነው የከረምኩት። በጋዜጣ የሚወጣው የሞት ማስታወቂያ ላይ ማን ከማን ይቀድማል በሚል ሁለት አጎቶቿ አንገት ላንገት ሊተናነቁ ነበር። የእከሌ ልጅ፣ የእከሌ እህት፣ የኢንጂነር እከሌ የእህት ልጅ፣ የናይሮቢው እከሌ አማች። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት የሚመዘነው በማን ስም ታጅቦ እንደሄደ ነው።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ፕሮፌሰር ራዲንግ ራሳቸው ደወሉ።

«ኦዴራ፣ እኔን የት አስገባኸኝ?»

«መጨረሻ ላይ ፕሮፍ። ‹የፕሮፌሰር ራዲንግ የሥራ ባልደረባ› ይላል።»

«መጨረሻውን ማን ያነባል? ወደ ላይ አውጣኝ እንጂ። ኃላፊነቴንም ጨምርበት።»

አወጣኋቸው። የአፖንዲ እናት አንድ መስመር ወረዱ። ማንም አልተቀየመም፤ አጎቶቿ እንዲያውም ፕሮፌሰር በመገኘቱ ደስ ብሏቸዋል።

በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኳን ያነበብኩት እኔ ነኝ። «ሦስት ክረምት ሐይቁ ዳር ቆማ፣ ኦሜና የምንላት ትንሿ ዓሣችን ዝናብ ሲመታው እንዴት እንደሚሻግትና እንዴት እንደሚድን ያጠናችው ጥናት በቅርቡ በስሟ ታትሞ ይወጣል» ስል፣ ዓሣ አድራቂዎቹ ሴቶች ከኋላ አጨበጨቡ። እናቷ አላጨበጨቡም። ትኩር ብለው አዩኝ። ብዙ ሰው ንባቡ ጥሩ ነበር ብሎኛል።

ማርች 15

ረቂቁን ከፍቼ አየሁት። ስሞቹ፦ አፖንዲ፣ እኔ፣ ፕሮፌሰር ራዲንግ። ፕሮፍ ሐይቁ ዳር የመጡት አንድ ቀን ነው፤ ያውም ከመኪናቸው ሳይወርዱ በመስኮት ጠይቀውን ተመለሱ። ግን የኃላፊው ስም በየጽሑፉ ጫፍ መኖሩ እንደ ቤት ኪራይ ነው፤ የሚከራከርበት የለም።

ውሌ በጁን መጨረሻ ያልቃል። ቋሚ ለመሆን ኮሚቴው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስሜ መጀመሪያ ላይ ያለበት አንድ የታተመ ጽሑፍ። ሁለተኛ የሆንኩባቸው ሞልተዋል። መጀመሪያ የሆንኩበት የለም። አኬዮ ደግሞ ስንት ዓመት ጠብቀን ገና አሁን አርግዛለች፤ ሆዷ ገፍቷል። ሥራ ፈት አባት መሆን አልፈልግም።

ይህን የጻፍኩት ምንም አስቤ አይደለም። ያለሁበትን ለማስታወስ ያህል ነው።

ማርች 17

ፕሮፍ አስጠሩኝ።

«ያ የዓሣው ጽሑፍ» አሉ፣ ሻያቸውን እያማሰሉ። «መጀመሪያ ላይ ያለው ስም ደብዳቤ የሚመልስ ሰው መሆን አለበት። አንባቢ ጥያቄ ቢኖረው የት ይሂድ? መቃብር ያንኳኳ?»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ እንጃ።

«አንተ ቅደም። እሷን ከአንተ ቀጥሎ አድርጋት። ውልህስ በጁን አይደለም የሚያልቀው?»

«በጁን ነው ፕሮፍ።»

«ታዲያ!»

ደብዳቤ የሚቀበለው ሰው የግድ መጀመሪያ ላይ መሆን እንደማያስፈልገው ሁለታችንም እናውቃለን። የነገርኳቸው መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው አልነገርኳቸውም። «እርስዎ እንዳሉ» ነው ያልኩት።

ሁለተኛም ቢሆን ትልቅ ቦታ ነው።

ማርች 18

ዝናብ። መብራት የለም። ሁለተኛ ትልቅ ቦታ ነው። እሷ ራሷ ብትኖር እሺ ትለኝ ነበር።

ማርች 26

ቢሮ የምንጋራው ኦንጊሪ ዛሬ እየዘፈነ ገባ።

«ወንድምዬ፣ የእምቦጩ ጽሑፌ አለፈ! ስምህን አስገብቼልሃለሁ፣ እንኳን ደስ ያለህ።»

«እኔ እኮ አላነበብኩትም።»

«እኔስ የአንተን መቼ አነበብኩ?» ብሎ ትከሻዬን መታኝ።

እንዲህ ነው የእኛ ኮሪደር። ዕቁብ ነው። ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ፤ ማንም ብቻውን አይጽፍም፣ ማንም ብቻውን አይቀርም። አዲስ የመጣ ሁሉ በመጀመሪያው ወር ይገረማል፣ በሁለተኛው ይለምደዋል፣ በሦስተኛው የእሱን ዙር ይጠይቃል። የኦንጊሪ ዙር አሁን ነው። ችግሩ ኮሚቴው ነጥብ የሚሰጠው እስከ ሦስተኛ ስም ድረስ ብቻ መሆኑ ነው። እኔ አንድ፣ ፕሮፍ ከሦስቱ ውጪ አይሆኑም፣ ኦንጊሪም ነጥብ በሌለው ቦታ ገብቶ ምን ያደርግለታል?

«ለሞተ ሰው ነጥብ ምን ይሠራለታል?» አለ ኦንጊሪ። ወዲያው ደነገጠ። «ይቅርታ፣ ዘመድህ መሆኗን ረስቼ እኮ ነው።»

«ግድ የለም» አልኩት። ልክ ነው እኮ፣ ምን ይሠራላታል?

አራተኛ።

ኤፕሪል 2

የአፖንዲ ቢጫ ቦት ጫማ በረንዳችን ላይ እንደቆመ ነው። ከሐይቁ ስትመለስ እኛ ቤት ነበር የምታድረው። ከመግባቷ በፊት እዚያ ታወልቀዋለች፤ ዓሣው እንዳይሸተን ጓሮ ሄዳ ትታጠባለች፤ ያም ሆኖ ይሸተናል። የዓሣ ቅርፊት ከፀጉሯ ላይ እየለቀመች አኬዮን ታስቃት ነበር። ከልጅነቷ የደም በሽታ ነበረባት፤ ብርድና እርጥበት ይጥላታል። ዶክተሩ ከዝናብ ራቂ ብሏት ነበር። የምታጠናው ደግሞ ዝናብን ነበር።

ማንም አላስገደዳትም። ይህን ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን ማንም አላስገደዳትም።

ጠዋት አኬዮ ሕልም አየሁ አለች።

«አፖንዲ በር ላይ ቆማ ‹ቦቴን አቀብይኝ፣ ሴቶቹ እየጠበቁኝ ነው› አለችኝ።»

«በእርግዝና ሕልም ይበዛል» አልኳት።

«የአፖንዲ ጽሑፍ የት ደረሰ?»

«እየሄደ ነው።»

ሁልጊዜ «የአፖንዲ ጽሑፍ» ነው የምትለው። ሌላ ስም የለውም እሷ ዘንድ።

ኤፕሪል 10

የመጽሔቱ አሠራር አንድ ጣጣ አመጣ። ጽሑፉ ሲላክ እያንዳንዱ ስሙ ያለበት ሰው መልእክት ይደርሰዋል፣ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብሎ ማረጋገጥ አለበት። እኔ አረጋገጥኩ፣ ኦንጊሪ አረጋገጠ፣ ፕሮፍም ጸሐፊያቸውን አዘው አረጋገጡ። አራተኛው ቦታ ባዶውን ቀረ። ኮምፒውተሩ አላሳልፍም አለ።

«ሟች አይፈርምም» አሉ ፕሮፍ በስልክ። «ምስጋናው ውስጥ አስገባት። ደህና አድርገህ አመስግናት። ላክ አሁን፣ ጊዜ የለህም።»

አራት መስመር የሚያምር ምስጋና ጻፍኩላት። እንደ ቀብሩ ንባብ ነው፤ እንዲያውም ሲያልቅ ዓይኔ እንባ አቅርሯል። ላክሁት።

ከላክሁ በኋላ የመጽሔቱን መመሪያ አነበብኩ። የሞተ ጸሐፊ ካለ ከስሙ ጎን ትንሽ መስቀል ይደረግና ግርጌ ላይ ያረፈበት ቀን ይጻፋል፤ ማረጋገጫውን ሌላው ይፈርምለታል ይላል። አንድ መስመር ነው። ከመላኬ በፊት ባነበው ጥሩ ነበር። ባለፈው ዓመትም አንብቤዋለሁ መሰለኝ፣ የአንድ ሌላ ሰው ጉዳይ መጥቶ።

ኤፕሪል 21

ዛሬ አንድ ተማሪ ኮሪደር ላይ አስቆመኝ። «ዶክተር፣ የእምቦጩን ጽሑፍዎን አነበብኩ። ሥሩ ሲበሰብስ ከሐይቁ ግርጌ ያለው አየር ምን እንደሚሆን ያሉት አልገባኝም።»

ለእኔም አልገባኝም። እኔ ስለ እምቦጭ የማውቀው ጀልባ እንደሚያግድ ነው።

«መጀመሪያ አንተ ምን ይመስልሃል?» አልኩት። ተማሪው ረጅም ነገር ተናገረ፤ ጎበዝ ልጅ ነው። «በርታ፣ በዚያው መንገድ ቀጥል» አልኩና ሽንት ቤት ገባሁ። እዚያ ቆሜ እስኪሄድ ጠበቅሁ። ኦንጊሪ ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ። «መምህርነት ማለት ይኸው ነው!» አለኝ።

አፖንዲ ብትሆን «አላውቅም፣ አብረን እንይ» ትል ነበር። እንዲህ ማለቷ ያበሳጨኝ ነበር።

ሜይ 2

ሴት። ሁለቱም ደህና ናቸው። ሌላ ምንም መጻፍ አልችልም። ደስ ብሎኛል፣ ደስ ብሎኛል።

ሜይ 7

ታለቅሳለች። ጡት ትይዛለች፣ ትለቃለች፣ ታለቅሳለች። ሐኪሙ የሆድ መነፋት ነው አለ። እናቴ ከገጠር መጣችና ሐኪሙን ሰምታ አፏን አጣመመች።

«መነፋት! ስም ነው የምትፈልገው። ከሞቱት ዘመዶች አንዱ መጥቶባታል፣ እኛ ዝም ብለነዋል።»

«እማ፣ እኔ የሳይንስ ሰው ነኝ።»

«አንተም ስታለቅስ ነበር። በአያትህ ስም ስንጠራህ ዝም አልክ። ሳይንስህን ከዚያ በኋላ ነው የተማርከው።»

ልጅቷን አቅፋ የሞቱትን ትጠራላት ጀመር። «አጎላ ነሽ? የአባትሽ አክስት፣ አጎላ ነሽ?» ለቅሶ። «አቦኞ ነሽ?» የባሰ ለቅሶ። ከወገናችን ሞታ ስሟ ያልተጠራ ሴት አልቀረችም። አንዷ በሕይወት እንዳለች እኔ ነኝ ያስታወስኳት፤ እናቴ «ቢሆንም አርጅታለች» አለች።

አኬዮ ከአልጋዋ ሆና ትሰማለች።

ሜይ 13

ጽሑፉ አለፈ! ከፍለው ቶሎ የሚያሳትሙበት መጽሔት ስለሆነ እንጂ እንዲህ አይፈጥንም ነበር። ገምጋሚዎቹ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ፤ አንድ ሠንጠረዥ ማስተካከልና ማሳጠር። ሠንጠረዡን ማስተካከል ግማሽ ቀን ወሰደብኝ፣ ምክንያቱም የአፖንዲ ቁጥሮች ከየት እንደመጡ አላውቅም ነበር። እሷ ግን ሁሉንም አስተካክላ ነው የተወችው፤ የጠፋው የእኔ ማወቅ ነው።

ማሳጠሩ ቀላል ነበር። ከመግቢያው ትንሽ፣ ከመደምደሚያው ትንሽ። ምስጋናው አራት መስመር ነበር፤ ለምስጋና በዛ። አሁን «በመስክ ሥራ የረዱንን ሁሉ እናመሰግናለን» ይላል። ሁሉ ሲባል እሷም አለችበት።

ሜይ 18

ፕሮፍ ልጅ ሊጠይቁ መጡ። ከወተት ዱቄት ጋር፣ ከባለቤታቸው ሰላምታ ጋር። እናቴ ጥብስ ዓሣ ከበቆሎ ገንፎው፣ ከኡጋሊው ጋር አቀረበች። ልጅቷ በአኬዮ እቅፍ ታለቅሳለች።

«የአባትሽ ዕድል!» አሉ ፕሮፍ በአንድ እጃቸው ኡጋሊ እየጠቀለሉ። «ልጅም ጽሑፍም በአንድ ወር!»

አኬዮ ቀና አለች። «የአፖንዲ ጽሑፍ ወጣ እንዴ?»

«የኦዴራ ጽሑፍ» አሉ ፕሮፍ። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። «ኦዴራ፣ ኦንጊሪ፣ እኔ።»

«አፖንዲስ?»

ዓሣዬን አየሁት። እሾህ እንደሚለቅም ሰው አጎነበስኩ።

«ነፍሷን ይማር። ሟች እኮ አይፈርምም፣ እመቤቴ። ምስጋናው ውስጥ ግን አለች። አይደለም እንዴ ኦዴራ?»

«አለች» አልኩ።

አኬዮ ልጅቷን ለእናቴ ሰጠችና ተነሥታ የእጅ ውሃ አመጣች። ፕሮፍ ገና እየበሉ ነበር። ማንቆርቆሪያውን ይዛ ፊታቸው ቆመች። ፕሮፍ ውሃውን አዩ፣ ሳህናቸውን አዩ፣ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ታጠቡ። በእኛ ቤት እንግዳ ሳይጨርስ ውሃ ቀርቦለት አያውቅም። ፕሮፍ ከሄዱ በኋላ እናቴ ልትቆጣት አፏን ከፍታ የአኬዮን ፊት ስታይ ዘጋችው።

ሜይ 19

አኬዮ፦ «ምስጋናውን አንብብልኝ።»

«ቢሮ ነው ያለው» አልኳት።

ስልኬ ውስጥ ነው ያለው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ኪሴን ስታየው አየኋት።

ሜይ 21

የጽሑፉ የመጨረሻ ማረሚያ ቅጂ ከመጽሔቱ መጣ። በነገው ቀን እንዲመለስ። ከላይ ጥያቄ አለ፦ የጸሐፊዎቹ ስምና ቅደም ተከተል ትክክል ነው? አዎ ወይም አይደለም።

ጠዋቱን ሙሉ አልነካሁትም። ቢሮ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ገበያ ወጣሁ፣ የማያስፈልገን ሙዝ ገዛሁ። ቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌት ላይ ሆኜ ደግሜ ከፈትኩት። «አይደለም» ብል ምን ይሆናል? ይጠይቃሉ። ለምን በመጀመሪያ አልነበረችም ይላሉ። ፕሮፍን ይጠይቃሉ። ጽሑፉ ይቆያል፤ ጁን ያልፋል። ከዚያ እኔ ማን ነኝ? ውል ያለቀበት፣ ልጅ የምታለቅስበት፣ ኃላፊው የተቀየሙት ሰው። አፖንዲ ግን ብትገባም ባትገባም ያው አፖንዲ ናት። ሐይቁ ዳር ያሉት ሴቶች ሁሉ ያውቋታል። መጽሔት አያነቡም እንጂ።

ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ጣቴ «አዎ» ላይ ነበር። ፍሬኑ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። ፍሬኑ አይደለም።

ሜይ 23

ይህን በወጉ መጻፍ አለብኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓድ ጀመረ። ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈችም፤ ድምፅዋ ተሰንጥቋል። የሞቱብን ሰዎች አለቁ። እናቴ ደክማ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ከእኛ ወገን አይደለችም ማለት ነው» አለች በቅሬታ። «አኬዮ፣ ልጄ፣ ከአንቺ በኩል በቅርብ ያረፈ ማን አለ?»

እናቴ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ቀብሩ ላይ ነበረች። ስሙ ከአኬዮ አፍ እንዲወጣ ፈልጋ ነው።

አኬዮ ልጅቷን ተቀብላ ወደ እኔ መጣችና ክንዴ ላይ አስቀመጠቻት።

«አንተ ጥራት» አለች።

«ማን ብዬ?»

«ታውቃለህ ማን ብለህ።»

«አኬዮ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር…»

«ሁለት መቶ ሰው ፊት ቆመህ ስሟን ጠርተሃል። ‹በስሟ ይወጣል› ብለሃል። እናቷ ሰምተውሃል። አንድ ጊዜ ደግሞ ለልጅህ ጥራ፣ ምን ይከብድሃል?»

ከበደኝ። እውነቱን ልጻፍ፦ ከማርች ወዲህ ያን ስም ድምፅ አውጥቼ ብቻዬን እንኳ ጠርቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ «እሷ» ነው የምለው፣ ወይም «ሟች»። እናቴ ታየኛለች፣ አኬዮ ታየኛለች። የልጅቷ ፊት በለቅሶ ቲማቲም መስሏል።

«አፖንዲ» አልኩ።

ድምፄ አልተሰማም። ነጎድጓዱ ነው። ደግሜ ጠራሁ። «አፖንዲ።»

ዝም አለች።

አፏን እንደከፈተች ዝም አለች። ሁለት ዓይኖቿን ፊቴ ላይ ተከለች፣ ገና በቅጡ ማየት የማይችሉትን ዓይኖች። እናቴ እልል አለች። አኬዮ አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም፤ ወደ በረንዳው ወጥታ ቢጫውን ቦት ጫማ ከዝናቡ ወደ ውስጥ አስገባችው።

የሆድ መነፋት ነው። ሐኪሙ በሦስተኛው ሳምንት ይቀላታል ብሎ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ደርሷል። ነጎድጓድ የሰማ ሕፃን ዝም ይላል። ምክንያቱን ሁሉ አውቀዋለሁ።

ሜይ 25

የበኩር ልጃችን ናት። ስለዚህ እኔም ስሜ ተቀየረ። የግቢው ዘበኛ ጠዋት በሩን ሲከፍትልኝ፣ «እንኳን ማርያም ማረችልህ፣ የአፖንዲ አባት!» አለኝ። እናቴ ናት ለመንደሩ ሁሉ ያዳረሰችው። ሱቅ፣ «የአፖንዲ አባት፣ ሳሙናውን ረሳኸው።» ጎረቤት፣ «የአፖንዲ አባት፣ ትንሿ እንዴት አደረች?»

ኦዴራ ብሎ የሚጠራኝ የቀረው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። እና ጽሑፉ ላይ።

ሜይ 30

ወጣ። ስሜ መጀመሪያ። አየሁትና ዘጋሁት።

ነገ ለአዘጋጁ እጽፋለሁ። ከታተመም በኋላ ማስተካከያ ይወጣል፤ አንቀጽ አለው፣ አንብቤዋለሁ። ነገ።

ጁን 1

ነገ።

ጁን 4

ፕሮፍ ጋ ገባሁ። ማስተካከያ ለማውጣት የሁሉም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ኦንጊሪ «ፕሮፍ እሺ ካሉ እኔ ምን ቸገረኝ» ብሎኛል። ቆሜ፣ አንድም ቃል ሳልረሳ ተናገርኩ፦ ቁጥሮቹ የእሷ ናቸው፣ ሐሳቡ የእሷ ነው፣ ረቂቁን የጻፈችው እሷ ናት፣ ስሟ መጀመሪያ ላይ መሆን አለበት።

ፕሮፍ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ተቀመጥ። ልጅህ ማን ተባለች?»

«አፖንዲ።»

«ይኸው! ስሟ ተተክቷል። ከዚህ የበለጠ ክብር ምን አለ? መጽሔት ላይ የወጣ ስም ማን ያስታውሰዋል?» ከመሳቢያቸው ፖስታ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አልገፉልኝም፣ እዚያው ተዉት። «ቋሚነትህ ጸድቋል፤ ፊርማዬን ብቻ ነው የሚጠብቀው። ማስተካከያ ሲወጣ ግን ጽሑፉ የአንተ አይሆንማ። መጀመሪያ ላይ አትሆንም። ኮሚቴው እንደገና ይቀመጣል። አስብበት እስቲ፣ የልጅ አባት ነህ።»

«አስብበታለሁ» አልኩ።

ጁን 5፣ 6፣ 7

እያሰብኩ ነው።

ጁን 8

የአፖንዲ እናት የልጃቸውን ሞክሼ ሊያዩ ከገጠር መጡ። ደረቅ ኦሜና በከረጢት አመጡልን። ንጹሕ ነው፤ አሸዋ የለው፣ ሻጋታ የለው። በክረምት እንዲህ ያለ ኦሜና ከየት ተገኘ ብሎ ጎረቤት ጠየቃቸው። «ሴቶቹ አፖንዲ እንዳሳየቻቸው ከመሬት ከፍ አድርገው በቆጥ ላይ ነው የሚያሰጡት» አሉ። ልጅቷን አቅፈው በስሟ ጠሯት፤ ዝም ብላ አየቻቸው። ብዙ አለቀሱ። ስለ ጽሑፉ አልጠየቁኝም። አኬዮ ነግራቸው ይሁን፣ በራሳቸው አውቀው ይሁን አላወቅሁም። ሲሄዱ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ስሟን ስላኖርክልኝ ምስጋና አቅቶኛል፣ የአፖንዲ አባት» አሉኝ።

ምነው በተሳደቡ።

ጁን 11

ፈረምኩ። ፖስታው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ቋሚ ነኝ። ኦንጊሪ ሳምቡሳ ገዝቶ ቢሮውን አስጨበጨበ፤ ሳምቡሳውን በላሁ፣ አልጣመኝም ማለት አልችልም።

ቤት ስደርስ ዝናብ ሊጥል ነበር። አኬዮ የአፖንዲን ቢጫ ቦት ተጫምታ ጓሮ ውስጥ የልጅቷን ጨርቆች ከገመዱ ላይ ትሰበስባለች። ፖስታውን አሳየኋት።

«ፈረምክ?»

«ፈረምኩ።»

«ደግ» አለችና ጨርቋን መሰብሰቧን ቀጠለች። ሌላ የምትለኝን ሁሉ ገምቼ፣ ለሁሉም መልስ ይዤ ነበር የመጣሁት።

ይህን ሳሎን ተቀምጬ ስጽፍ ልጅቷ ጓዳ ነቃች። አፍሬአለሁ። ብዙ ነገር ጽፌ ይህን አንዱን አልጻፍኩም ነበር፤ አፍሬአለሁ። እናቴ ወደ ገጠር ተመልሳለች፣ አኬዮ እጇ በጨርቅ ተይዟል፤ ከእኔ በቀር የሚያነሣት የለም። የምትጽናናው ደግሞ በአንድ ነገር ብቻ ነው። ስሟን ጠርቼ፣ ፊቷን እያየሁ፣ እሷም ፊቴን እያየች።

«የአፖንዲ አባት!» አለች አኬዮ ከጓሮ። «አትሰማም እንዴ? ጥራት እንጂ!»

«አቤት» አልኩ። መጣሁ።